የኤሊዎቹ ጉልበት

እንዲህ ነው ነገሩ። እኛ አምስት ነን። ሦስታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቤዝመንት ተከራይተን እንኖራለን፤ ሁለቱ ደግሞ ከዚያው አካባቢ እየመጡ ሶፋችንን ያጎደጉዳሉ። ከመሃላችን ሁለቱ ኡበር ይነዳሉ፣ አንዱ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ይሠራል፣ አንዷ ሆስፒታል የነርስ ረዳት ናት፣ አንዱ ደግሞ «እየተማርኩ ነው» ይላል (አራት ዓመት ሆነው፣ ምን እንደሚማር ግን እስካሁን አልነገረንም)። አዲስ አበባ እያለን ሁላችንም የኳስ ሰዎች ነበርን። ኳስ ስንል እግር ኳስ ማለታችን ነው፤ ሌላ ኳስ መኖሩን የምናውቀው በትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ግማሻችን ቡና፣ ግማሻችን ጊዮርጊስ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አርሴናልና ማንቼ ተባብለን የምንኳረፍ። ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው የአሜሪካ ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ደጋፊ የሆንነው? አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችንም ይሄንኑ ይጠይቁናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሳቅ ጋር።

መልሱ አጭር ነው። ቅርብ ስለሆነ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ ከኛ ቤት ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድን ይዞ ቀጥ ማለት ነው። ለዋሽንግተኑ የወንዶች ፕሮፌሽናል ቡድን ትኬት የሚከፈለው ገንዘብ የኛን የወር አስቤዛ ይሸፍናል። የሴቶቹ ግን ኪስ አይጎዳም። በርካሽነቱ ገባን፤ ከገባን በኋላ መውጣት አቃተን።

ቡድኑ ቴራፒንስ ይባላል። ቴራፒን ማለት የኤሊ ዘር ነው። አዎ፣ ኤሊ። ሌላው ሁሉ ነብር ነኝ፣ ንስር ነኝ ሲል እነዚህ «ኤሊ ነን» ብለው ማሊያ አሠርተዋል። ግቢያቸው ውስጥ የነሐስ ኤሊ ሐውልት አለ፤ ተማሪዎቹ ፈተና ሲደርስ አፍንጫውን ያሻሹታል። መፈክራቸውም «ኤሊዋን ፍሯት» የሚል ነው። መጀመሪያ የሰማን ቀን በሳቅ ልንሞት!

ቀልድ ግን አይደሉም። በ2006 ቦስተን ላይ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆቹ ነው፤ ከፈለጋችሁ እናንተው ቀንሱ።) ተጋጣሚያቸው ዱክ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ በ13 ነጥብ ሲመሩ ቆይተው፣ ክሪስቲ ቶሊቨር የምትባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ሰከንድ ገደማ ሲቀረው በብዙ በምትበልጣት ረጅም ተከላካይ አናት ላይ ሦስት ነጥብ ወረወረች። አቻ። በጭማሪው ሰዓት 78 ለ75 አለቀ። እኛ ያኔ አዲስ አበባ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ጨዋታውን ያየነው ከብዙ ዓመት በኋላ በዩቲዩብ ነው። ስናወራው ግን ሜዳ ዳር የነበርን ነው የሚመስለው።

የተለከፍንበት ጊዜ ዲሴምበር 2022 ነው። ሐሙስ ማታ ቻናል ስንቀያይር ሜሪላንድ ኖትር ዳም ሜዳ ላይ ስትጫወት አገኘናት። 72 እኩል። ዳይመንድ ሚለር የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ተነስታ ወረወረች፤ ገባ፤ ሰዓቱም አለቀ። ጮህን። ከላይ ያሉት አከራያችን ወለሉን በእግራቸው ደበደቡልን። ያን ሌሊት ያልነው አንድ ነገር ነው፤ «እሁድ እንሄዳለን»።

እሁድ ሄድን። አምስታችንም። ኔብራስካ በገዛ ሜዳቸው 90 ለ67 ቀጠቀጠቻቸው። በ23 ነጥብ! ከሦስት ቀን በፊት ያበድንላቸው ልጆች ናቸው ወይስ እህቶቻቸው ናቸው የመጡት? የመኪና ማቆሚያ የሚሠራው ጓደኛችን ከሌሊት ሥራ ወጥቶ ሳይተኛ ነበር የመጣው። «ሁለተኛ እዚህ ብታዩኝ!» ብሎ ማለ። በሳምንቱ እሁድ ደግሞ ዩኮን መጣች። ዩኮን በዚህ ስፖርት ማን እንደሆነች ለማያውቅ፣ እስከዚያን ጊዜ ድረስ 11 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነች ናት። ሜሪላንድ አንድ ቀን እንኳ አሸንፋት አታውቅም ነበር። 85 ለ78 አሸነፈቻት። የማለው ጓደኛችን አልነበረም። ከስታዲየሙ ሆነን ስንደውልለት አላነሳም፤ ተኝቶ ነበር።

ይሄ ሁሉ የሆነው በ11 ቀን ውስጥ ነው። ያኔ ነው «የሰፈራችን መብራት» ብለን ስም ያወጣንላቸው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሲመጣ እልልታ ነው፤ ሲሄድ ሻማ ፍለጋ ነው። መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ የሚሄደው ግን ሁልጊዜ ወጡ ምድጃ ላይ እያለ ነው።

መብራቱ ለምን እንደሚሄድ ለማወቅ ያላደረግነው የለም። «ትንተና» እንለዋለን እኛ። ከጨዋታው ይልቅ ትንተናው ነው የሚረዝመው። አንዱ ሾፌር የወኔ ተንታኝ ነው፤ ለሱ ሽንፈት ሁሉ የወኔ ጉዳይ ነው። «ጉልበት የላቸውም! ጉልበት የላቸውም አልኳችሁ!» ይላል፤ በ23 ነጥብ ቢሸነፉም በ2 ነጥብ ቢሸነፉም። ሌላው ሾፌር የአሰልጣኝ ተንታኝ ነው። ብሬንዳ ፍሪስ ቡድኑን የያዘችው ከ2002 ጀምሮ ነው፤ ዋንጫውንም ያመጣችው እሷ ናት፤ ጓደኛችን ግን በየጨዋታው እረፍት የምትጠይቅበትን ደቂቃ ያርምላታል። የተማሪው ጓደኛችን ቲዎሪ «ሴቶች ስለሆኑ ስሜታቸው...» ብሎ የሚጀምር ነበር። እንዴት እንደሚጨርስ አናውቅም፤ ምክንያቱም የነርስ ረዳቷ የሶፋውን ትራስ ወርውራ አፉን መታችው። ከአምስታችን ዒላማ ያላት እሷ ብቻ ናት።

በኋላ ስናስበው የገረመን፣ የምንለው ነገር በሙሉ ቡና ወይም ጊዮርጊስ ሲሸነፍ የምንለው ነው። ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። ወኔ፣ ልብ፣ ጉልበት፣ ንቀት። ስለ ራሱ ስለ ቅርጫት ኳሱ ግን አንድ ቃል የለበትም። እንዴት ይኖርበታል? አንዳችንም በሕይወታችን ሦስት ነጥብ አስገብተን አናውቅም።

ጨዋታውን የምታውቀው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷ ደግሞ ከአምስቱ አትቆጠርም። የወኔ ተንታኙ ታናሽ እህት ናት። ሚጣ ነው የምንላት፤ በስድስት ዓመቷ ስትመጣ ያወጣንላት ስም ነው፤ አሁን ቆማ ስታናግረን ወደ ላይ ነው የምናያት። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ትጫወት ነበር። ዲሴምበር 2023 ላይ፣ አሥረኛ ክፍል እያለች፣ ሪባውንድ ለመያዝ ዘላ ስታርፍ ጉልበቷ ዞረ። ማንም አልነካትም። እሷ እንደምትለው ድምፁን ሰምታዋለች። የፊተኛው የጉልበት ጅማት ነው፤ አሜሪካኖቹ ኤሲኤል የሚሉት። የነርስ ረዳቷ ጓደኛችን እንደነገረችን ይሄ ጅማት በተመሳሳይ ስፖርት ውስጥ ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ላይ በብዙ ይበልጥ ይበጠሳል፤ ከቀዶ ጥገና በኋላም ወደ ሜዳ ለመመለስ ዘጠኝ ወር፣ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል።

አባቷን ጋሼ ነው የምንላቸው። ታክሲ ይነዳሉ። ልጃቸው ከቀዶ ጥገና ስትወጣ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «እኔ እግር ያላት ልጅ ነው አሜሪካ ያመጣሁት»። በቃ። ቤታቸው ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚባል ነገር በቴሌቪዥን እንዳይከፈት ሆነ። ሚጣም ከነክራንቿ የኛ ሶፋ ላይ ተከለች። አርፋ ታያለች፤ አትናገርም። እኛ እንተነትናለን።

ያ የውድድር ዓመት ለትንተና የተፈጠረ ነበር። ገና በኖቬምበር ሳውዝ ካሮላይና 114 ለ76 ደቆሰቻቸው፤ በአራተኛው ቀን ዩኮን 80 ለ48። ፌብሩዋሪ ላይ አዮዋ ከነኬትሊን ክላርክ ኮሌጅ ፓርክ መጣች፤ 17,950 ሰው ገብቶ ስታዲየሙ ሞላ፤ ርካሹ ትኬታችን ያን ቀን አልነበረም። ክላርክ 38 አገባች፤ 93 ለ85 ተሸነፉ፤ ግን ተናንቀው ነው። ማርች ላይ ደግሞ በሊጋቸው የጥሎ ማለፍ ውድድር አንደኛ ሆና የጨረሰችውን ኦሃዮ ስቴትን በ21 ነጥብ ልዩነት ጣሏት። መብራት መጣ! በማግስቱ ተሸንፈው ወጡ።

እናም አርብ፣ ማርች 22፣ 2024። የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት። («የማርች እብደት» የሚሉት የኮሌጆቹ ውድድር ሁልጊዜ ጾም ላይ ነው የሚወድቀው፤ ሌላው በክንፍና በቢራ ሲያብድ እኛ የምናብደው በሽሮና በሱፍ ፍትፍት ነው።) ተጋጣሚ አዮዋ ስቴት። ሜሪላንድ በመጀመሪያው አጋማሽ 20 ነጥብ መራች። ሃያ! ለቀጣዩ ጨዋታ ማን ሥራ እንደሚቀር ተከፋፈልን። የወኔ ተንታኙ እንኳ «ዛሬ ልብ አላቸው» ብሎ መሰከረ።

ከዚያ ኦዲ ክሩክስ መጣች። የአዮዋ ስቴት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ ረጅም፣ ሰፊ፣ እግሯ ግን እንደ እስክስታ ወራጅ የሚታዘዝ። ቀለበቱ ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፤ ኳስ ይመጣላታል፤ ትዞራለች፤ ይገባል። እንደገና ትቆማለች፤ ይመጣላታል፤ ትዞራለች፤ ይገባል። 20 ጊዜ ሞክራ 18ቱን አስገባች። 40 ነጥብ! 93 ለ86 አለቀ፤ የኤሊዎቹም የውድድር ዓመት አብሮ አለቀ።

«ጉልበት የላቸውም አልኳችሁ!» ብሎ ተነሳ ወንድሟ። «ሃያ ነጥብ እየመሩ! ጉልበት የሌለው ሰው...»

«የቱ ጉልበት?» አለች ሚጣ።

ሦስት ወር ሙሉ ዝም ያለች ልጅ ናት። ዞረን አየናት። እግሯ በትራስ ላይ ተዘርግቷል፤ ጉልበቷ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ አለ። ሁላችንም ዓይናችንን ወደ ሽሮው መለስን።

«ሪሞቱን ስጡኝ» አለች። ሰጠናት። ወደኋላ መለሰችው።

አሁን የምንጽፈው እሷ ያሳየችንን ነው። «ኳሷን አትዩ» አለች መጀመሪያ። (ኳስ ካላየን ምን ልናይ ነው? ብለን ነበር።) «ክሩክስ ኳስ ከመቀበሏ በፊት የኛ ልጅ የት ቆመች?» አየን። ከኋላዋ ቆማለች። «ከኋላዋ ከቆመች ነገሩ አልቋል። እዚያ ቦታ ላይ ኳስ ከያዘች እንኳን ሜሪላንድ አባባም አያቆማት። መዝጋት ያለባቸው መወርወሩን ሳይሆን ቅብብሉን ነው። ከፊቷ ይቆማሉ፤ ሌላዋ ከጀርባ ትጠብቃለች፤ ኳሷን የምትልከዋን ልጅ ደግሞ አፍንጫዋ ሥር ገብተው ያስጨንቋታል።» ከዚያ በፊት የነበረውን ክፍል ከፈተችልን፤ 20 ነጥብ የመሩበትን። ላኪዋ ላይ እጅ አለ፤ ሩጫ አለ። ወደ ሁለተኛው አጋማሽ ስትመልሰው እጁ ወርዷል።

«እና ወኔ ጠፋ ማለት አይደል?» አለ ወንድሟ፤ በቀላሉ የሚሸነፍ አይደለም።

«እግር አለቀ ማለት ነው» አለች። «ሙሉ ሜዳ እየሮጡ እንዲህ ለማስጨነቅ ከወንበር የሚነሳ ሰው ያስፈልጋል። ውርወራውን እይ። የፊተኛውን የቀለበት ጠርዝ እየመታ ሲመለስ እጇ አይደለም የተሳሳተው፤ እግሯ ነው ያላነሳት። ኮቻችን ሁልጊዜ የሚነግረን ነው።» «የሚነግረን» ነው ያለችው፤ «ይነግረን የነበረ» አላለችም። ሁላችንም ሰምተናል፤ ማንም አላነሳውም።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንተናው የሚጣ ሆነ። እኛ ሽሮ እናቀርባለን። የሚገርመው ያሸነፍንባቸውንም አበላሸችብን። «ዩኮንን ያሸነፋችሁ ጊዜ» አለችን አንድ ቀን፣ «ፔጅ ቤከርስ እንዳልነበረች ታውቃላችሁ?» አናውቅም። ቤከርስ ያን ዓመት በሙሉ አልተጫወተችም፤ ያው ጅማት ነው። አዚ ፈድም ከኮሌጅ ፓርኩ ጨዋታ በፊት ባለው ሳምንት ጉልበቷን ተጎድታ አልመጣችም። ያን ያህል የጨፈርንበት ቀን የሁለት ሰው ጉልበት ጎድሎባቸው ነበር። ድል ድል ነው፤ አንመልሰውም። ግን የኛን መብራት ስንቆጥር የጎረቤት መብራት መሄዱን አላየንም ነበር።

ሌላው ያስተማረችን የሰዎቹን መምጣትና መሄድ ነው። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ዓመት ሳይቀጡ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ መዛወር ተፈቅዶላቸዋል፤ በዚያው ዓመት በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘትም ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የኮሌጅ ቡድን ማለት በየጸደዩ የሚፈርስ ቤት ሆነ። በ2022 ኤንጅል ሪስ፣ የዚሁ የባልቲሞር አካባቢ ልጅ፣ ሜሪላንድን ትታ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ሄደች፤ አሽሊ ኦውሱ ወደ ቨርጂኒያ ቴክ። በዓመቱ ሉዊዚያና ስቴት ከነሪስ ሻምፒዮን ሆነ። ያ እኛ የተለከፍንበት የ2022 ቡድን ከፕሪንስተን፣ ከፍሎሪዳ፣ ከቫንደርቢልት በመጡ ልጆች የተጠገነ ነበር፤ አብረው ከተጫወቱ ወራቸው እንኳ በደንብ አልሞላም። በጸደዩ ደግሞ ዳይመንድ ሚለር በፕሮፌሽናሉ ሊግ ምርጫ ሁለተኛ ሆና ወጣች። እንደገና ሀ ሁ።

ይሄን ለመረዳት እንኳ ቅርጫት ኳስ ማወቅ አያስፈልግም፤ ቤዝመንታችን ይበቃል። አንድ ሰው ወጥቶ ሌላ ሲገባ ቆሻሻ ማን እንደሚያወጣ፣ የሌሊት ሠራተኛው ሲተኛ ማን ዝም እንደሚል እስኪለመድ ሁለት ወር ይፈጃል። እስከዚያ አንድ ቀን ቤቱ እንደ ሠርግ ቤት ነው፤ አንድ ቀን የቆሻሻው ከረጢት በሩ ላይ ይጠብቃችኋል፤ ሁላችንም «ዛሬ አንተ አልነበርክ?» እንባባላለን። መከላከልም እንደዚያ ነው አለች ሚጣ። አንዷ ስትታለፍ ማን ሮጣ እንደምትሸፍን፣ የሸፈነችዋን ሰው ደግሞ ማን እንደምትይዝ ተቆጥሮ አይደለም የሚሠራው፤ ለምዶ ነው። ግማሽ ሰከንድ «አንቺ አልነበርሽ?» ከተባባሉ ሦስት ነጥብ ገባ።

2024-25 ላይ እንደገና አዲስ ቤት ሠሩ። ኬይሊን ስሚክል ከራትገርስ፣ ሴይለር ፖፈንባርገር ከአርካንሳስ፣ ክርስቲና ዳልሴ ከቪላኖቫ መጡ፤ ሻያን ሴለርስ ከድሮው ቀረች። የመጀመሪያዎቹን 14 ጨዋታዎች አሸነፉ። ሚጣ «ቆይ፣ አትቸኩሉ» ትላለች፤ እኛ ቸኮልን። ጃንዋሪ ላይ ብሪ ማክዳንኤል ጉልበቷን ተጎዳች። ያው ጅማት። ያ ነው የውድድር ዓመቷ። በዚያው ወር ቴክሳስ 89 ለ51 አሸነፈቻቸው። በ38 ነጥብ። ያን ቀን ወንድሟ አፉን ከፈተ፤ «ጉል...» አለና ዘጋው። ሚጣ ስለ ጨዋታው ምንም አላለችም። ስልኳን ይዛ ስለ ማክዳንኤል የተጻፈውን ስታነብ አመሸች።

ለራሷ ግን ያ ክረምት መልካም ነበር። ከቀዶ ጥገናው በ13ኛው ወር ሐኪሟ «መጫወት ትችያለሽ» አላት። የትምህርት ቤቱ የውድድር ጊዜ አልቆ ስለነበር የቀራት የበጋው ሊግ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የወላጅ ፊርማ ያለበት ቅጽ ያስፈልጋል። ቅጹን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ጋሼ በየቀኑ ወተት ሲያወጡ ያዩታል፤ ወተቱን አውጥተው ይዘጉታል። አንድ ቀን ቅጹ ከፍሪጁ ላይ ጠፋ። ማን እንዳነሳው ቤቱ ውስጥ አልተጠየቀም። ሁሉም ያውቃል።

በወንድሟ ሐሳብ ነው ጋሼን ስታዲየም የወሰድናቸው። ሐሳብ ከተባለ። ሰኞ ማርች 24፣ 2025 ሜሪላንድ በሜዳዋ ከአላባማ ጋር ትጫወታለች፤ ወንድሟ «መኪናዬ ጋራዥ ገብቷል፣ ያድርሱን» አላቸው። መኪናው ደጃችን ቆሞ ነበር። ጋሼ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ላይ በባቡሩ ቁፋሮ ሳቢያ ያለውን መጨናነቅ እየረገሙ አደረሱን፤ ከዚያ «ትኬት ተርፏል» ተባሉ። በኪሳቸው ቆሎ ነበራቸው። እንዴት እንዳስገቡት እስካሁን አልገባንም።

ሜሪላንድ 17 ነጥብ ተመራች። ጋሼ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዷ ልጅ ዘላ ስታርፍ ፊታቸው ይጨማደዳል።

«ያቺ ተጎዳች ያላችኋት የታለች?» አሉ።

«ብሪ? ዘንድሮ አትጫወትም አባባ» አለች ሚጣ። «እንደኔ ነው።»

«አባቷ ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አባባ።»

«ትመለሳለች?»

«ትመለሳለች።»

ዝም አሉ። ሜዳው ላይ ደግሞ ሣራ አሽሊ ባርከር የምትባል የአላባማ ልጅ ያሻትን ታደርጋለች። ኤሊዎቹ ግን አንድ በአንድ እየለቀሙ መጡ። ሚጣ ከአጠገባችን ሆና «ላኪዋን! ላኪዋን!» ትላለች፤ አሁን እኛም እናውቃለን፤ ላኪዋን እያየን «እጅ!» እንላለን። አቻ። ጭማሪ ሰዓት። እንደገና አቻ፤ ሁለተኛ ጭማሪ። መቼ እንደሆነ አላየንም፤ ጋሼ ተነስተው ቆመዋል፤ ሁለት እጃቸው አናታቸው ላይ ነው፤ ቆሎው ፊት ለፊት በተቀመጡት ፈረንጅ ኮሌታ ውስጥ ገብቷል። 111 ለ108 አሸነፍን። ባርከር 45 ነጥብ አግብታ ወጣች።

በመኪና ስንመለስ የሁላችንም ድምፅ ተዘግቷል። ላንግሊ ፓርክ ስንደርስ ነው ጋሼ የተናገሩት።

«ያቺ 45 ያገባችው ልጅ ተሸነፈች ማለት ነው?»

«አዎ አባባ።»

«45 አግብታ?»

«አዎ።»

«አይ እንግዲህ!» አሉ። መሪውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት።

አርብ ዕለት ጋሼ ሳይጠሩ ቤዝመንታችን መጡ። ሥራ ላይ መሆን የነበረባቸው ሰዓት ነው። ተጋጣሚዋ ሳውዝ ካሮላይና ናት፤ የ2024 ሻምፒዮን፤ በ2023 ኖቬምበር በ38 ነጥብ የደቆሰችን ያችው። በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ተናነቁ፤ 71 ለ67 ተሸነፉ። አራት ነጥብ። የውድድር ዓመቱም አበቃ። የአሰልጣኝ ተንታኙ የእረፍቱን ደቂቃ ማረም ጀምሮ ነበር፤ ጋሼ አቋረጡት።

«ጉልበት አለቀባቸው» አሉ።

ወንድሟ ትራስ ውስጥ ፊቱን ቀበረ።

«የቱ ጉልበት አባባ?» አለች ሚጣ።

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጉልበት ሁለቴ በጣታቸው አንኳኩ፤ «ይሄኛው» አሉ። ከዚያ ከጃኬታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የወተት ጠብታ ነክቶታል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና እጃቸውን ወደኛ ዘረጉ። «እስክሪብቶ አላችሁ?»

ቤቱን ገለበጥነው። መሳቢያ፣ የጃኬት ኪስ፣ የመኪናው ዳሽቦርድ ሳይቀር። የለም። በመጨረሻ ሁላችንም ዞረን «እየተማርኩ ነው» የሚለውን ጓደኛችንን አየነው። ኪሱን ዳበሰ። እሱም የለውም።